ኡበር ያዋጣል? የመኪናው ሒሳብ ሲሠራ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። አዲስ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግስት የሚሰማው ምክርም የታወቀ ነው። «መኪና ግዛና ጀምር፤ አለቃ የለብህ፣ ሲደክምህ አፑን ታጠፋለህ።» ምክሩ ክፋት የለውም። ጥያቄው ግን አለ፤ መኪናው የሚበላውን በልቶ ለሰውየው የሚተርፍ ነገር አለ ወይ?

ሹፌሮችን ብትጠይቁ ሁለት ዓይነት መልስ ትሰማላችሁ። አንዱ «በሳምንት አንድ ሺህ ሁለት መቶ እሠራለሁ፣ ተመስገን» ይላል። ሌላው «የምሠራው ለመኪናው ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ የሚውሉበትም ሰዓት ያው ነው። የዋሸ የለም። የመጀመሪያው የነገራችሁ ባንክ የገባለትን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሜካኒክ ቤት መመለሱ ነው።

ጥናቶቹስ ለምን አይስማሙም?

ይህ ግራ መጋባት የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። በ2018 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ የመኪና ወጪ ሲቀነስ መካከለኛው ሹፌር በሰዓት የሚተርፈው 3.37 ዶላር ብቻ ነው አለ። ወሬው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። የኡበር ኢኮኖሚስት ጆናታን ሆል ተመራማሪዎቹ የመጠይቁን መልስ በትክክል አልተረጎሙትም ብሎ ተከራከረ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዳራ ኮስሮሻሂም በትዊተር ተሳለቀባቸው። የጥናቱ መሪ ስቲቨን ዞፍ ሒሳቡን እንደገና ሲሠራው 8.55 ዶላር መጣ። የመጠይቁ መልስ በሌላ መንገድ ሲነበብ ደግሞ 10 ዶላር። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የሚባለው የጥናት ተቋም የኩባንያው ድርሻና የመኪናው ወጪ ተቀንሶ በሰዓት 11.77 ዶላር ይቀራል አለ። ሹፌሩ ራሱን በራሱ ቀጣሪ ስለሆነ የሚሸከመው ተጨማሪ ታክስና ጥቅማጥቅም ሲታሰብ ግን 9.21 ይሆናል አለ።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚያስነግሩት ቁጥር ሌላ ነው። በ2017 ኡበር የሹፌሮችን ገቢ አጋንኗል ተብሎ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማምቷል። ኒው ዮርክ ላይ የመካከለኛው ሹፌር የዓመት ገቢ ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ነው ብሎ ነበር፤ ኮሚሽኑ 61 ሺህ ነው አለ። በ2024 ደግሞ ሊፍት በተመሳሳይ ጉዳይ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ማስታወቂያው ላይ የወጣው የሰዓት ገቢ ከሹፌሮች ሁሉ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት፣ ማለትም ከፍተኛ ተከፋዮቹ ያገኙት ነበር። ቲፑም እዚያው ተደምሮ።

እንግዲህ በሰዓት ከ3 ዶላር እስከ በዓመት 90 ሺህ ዶላር የሚደርስ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ከመኪናው ወጪ የትኛው እንደተቆጠረ፣ እና የትኛው ማይል እንደተቆጠረ።

ወጪ ሲባል የቱ የቱ ነው?

የመኪና ወጪ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በወር የሚቆጠር ነው፤ ኢንሹራንስ፣ የብድር ወለድ፣ ምዝገባ፣ ስልክ። መኪናው ቆሞ ቢውልም ይከፈላል። ሌላው በማይል የሚቆጠር ነው፤ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ እና የመኪናው ዋጋ መውረድ።

የመጨረሻው ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ቤንዚን በየቀኑ ካርድ ያስነካል። ዘይት በየአምስት ሺህ ማይሉ ሜካኒክ ጋ ይወስዳል። ጎማው ሲላላጥ ይታያል። የዋጋ መውረድ ግን ቢል አይልክም። የሚልከው አንዴ ነው፤ መኪናውን ልትሸጡ ወይም ልትለውጡ ስትሄዱ፣ ጥርቅም አድርጎ።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለማመን የምንቸገርበት ምክንያት አለን። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሀብት ነው። በቀረጡ ክብደት፣ በብር መዳከምና በመኪና እጥረት የተነሳ አሮጌ ቪትዝ ተነድቶ ተነድቶ ከተገዛበት ብር በላይ ሊሸጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን መኪና ከተገዛበት ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል፤ ሲነዳ ደግሞ አብዝቶ ይወርዳል። ተራ ሰው በዓመት 12 ወይም 13 ሺህ ማይል ይነዳል። ሙሉ ጊዜውን ኡበር የሚሠራ ሹፌር 50 ሺህ ቢነዳ አይገርምም። የአራት ዓመት ርጅና በአንድ ዓመት ማለት ነው።

ስለዚህ አርብ ወይም ሰኞ ባንክ ከሚገባው ገንዘብ ውስጥ የተወሰነው ገቢ አይደለም። ከመኪናችሁ ላይ የተቆረሰ የራሳችሁ ንብረት ነው። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከምርቱ ጋር አንድ ላይ ሰፍሮ «ዘንድሮ ጥሩ ነው» እንደሚለው ነው። ጎተራው ሙሉ ይመስላል፤ ችግሩ የሚታየው በሚቀጥለው መዝሪያ ነው።

ለአንድ ማይል ስንት ይወጣል?

አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ ግን መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች አሉ። የአሜሪካ የመኪና ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2024 ባወጣው ስሌት አዲስ መኪና በዓመት 15 ሺህ ማይል ሲነዳ በአማካይ 12,297 ዶላር ያስወጣል። በማይል 82 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ግን የአዲስ መኪና አማካይ ነው፤ ትልልቁ ፒክአፕም አለበት።

የአገር ውስጥ ገቢው፣ አይአርኤስ፣ ለ2025 የሥራ ማይል ያስቀመጠው ተመን 70 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ውስጥ 33 ሳንቲሙን የመኪናው ርጅና ብሎ ቆጥሮታል። ታክስ ሰብሳቢው ራሱ ግማሽ ያህሉን ወጪ ርጅና ነው ካለ፣ ቤንዚን ብቻ ቆጥሮ «ይኸው ተረፈኝ» ማለት አያስኬድም።

ልምድ ያለው ሹፌር የሚነዳው ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና) ግን ከሁለቱም ያነሰ ሊያስወጣ ይችላል። የዲሲ ታክሲና ኡበር ለምን በፕሪየስና በካምሪ ሃይብሪድ ተሞላ ብትሉ፣ መልሱ ፍቅር አይደለም።

ባዶ ማይል ምንድን ነው?

ክፍያ የሚታሰበው በዋናነት ተሳፋሪ መኪናው ውስጥ ሲኖር ነው። ጎማው ግን ይህን አያውቅም። ተሳፋሪ ለማንሳት የሚነዳው፣ ከሩቅ ሰፈር የሚመለሰው፣ ጥሪ ፍለጋ የሚዞረው ሁሉ መኪናውን እኩል ይበላዋል።

ኡበርና ሊፍት ራሳቸው በ2019 ያሠሩት ጥናት አለ። ስድስት የአሜሪካ ከተሞችን አካባቢ አይቷል፤ ዋሽንግተንም አንዷ ናት። ውጤቱ፣ መኪኖቹ ከሚነዱት ማይል ተሳፋሪ ያለበት ከ54 እስከ 62 በመቶው ብቻ ነው የሚል ነበር። የቀረው ባዶ ነው። በግርድፉ፣ ከአሥር ማይል አራቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

በአንድ ጉዞ እንየው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፍሬደሪክ 40 ማይል ገደማ ነው። ስልኩ ላይ 48 ዶላር መጣ እንበል። «በማይል አንድ ዶላር ከሃያ፤ አሪፍ ነው» ያሰኛል። ፍሬደሪክ ስትደርሱ ግን ወደ ዲሲ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ካላገኛችሁ 40ውን ማይል ባዷችሁን ትመለሳላችሁ። አሁን 48 ዶላሩ የሚካፈለው ለ80 ማይል ነው፤ በማይል 60 ሳንቲም። መኪናው ለቤንዚን፣ ለጥገናና ለርጅና በማይል 26 ሳንቲም የሚበላ ከሆነ (ይህን ቁጥር ከታች እናሰላዋለን) 21 ዶላር ሄደ። የቀረው 27 ዶላር፣ ለሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ። መንገዱ ከተጨናነቀ ደግሞ ሁለት ሰዓቱም ያልፋል።

ይህ ጉዞ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የመመለሻ ጥሪ ከተገኘ እሰየው ነው። ስልኩ ላይ የሚመጣው ዋጋ ግን የሚናገረው ስለ መሄጃው ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ሳምንት እናስላ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የራሳችሁን ማስገባት ትችላላችሁ። አንድ ሹፌር በሳምንት 45 ሰዓት ወጣ። ባዶውንም ጨምሮ 1,000 ማይል ነዳ። ባንክ የገባለት 1,200 ዶላር ነው። መኪናው በ28 ሺህ ዶላር የተገዛ ሃይብሪድ ነው።

ቤንዚን፦ በጋሎን 45 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 3.20 ቢሆን፣ ለሳምንቱ 71 ዶላር።

ጥገና፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን፦ በማይል 8 ሳንቲም ብንይዝ 80 ዶላር። በየሳምንቱ አይወጣም፤ ሲመጣ ግን በመቶዎች ሆኖ ነው የሚመጣው።

ርጅና፦ መኪናው 200 ሺህ ማይል ከሠራ በኋላ በ6 ሺህ ዶላር ቢሸጥ፣ 22 ሺህ ዶላር መንገድ ላይ ቀርቷል። ለ200 ሺህ ሲካፈል በማይል 11 ሳንቲም፣ ለሳምንቱ 110 ዶላር። 26 ሳንቲም ያልኩት የእነዚህ የሦስቱ ድምር ነው።

ኢንሹራንስ በወር 250 ዶላር ቢሆን በሳምንት 58 ይሆናል። የብድሩ ወለድ በአማካይ 27። ስልክና እጥበት 25 እንበል።

ድምሩ 371 ዶላር ነው። ከ1,200 ሲቀነስ 829 ይቀራል። ለ45 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 18.40 ገደማ። ከዚህ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ 70 ዶላር ያህል ይነሳል (ለምን 70 እንደሆነ ታክሱ ጋ ስንደርስ ይታያል)። 16.85 አካባቢ ቀረ።

ለማነጻጸር፣ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በጁላይ 2025 17.95 ዶላር ሆኗል። ተቀጣሪው የራሱን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ ከፍሎ 16.58 ይደርሰዋል። የእኛ ሹፌር በሰዓት የሚበልጠው በ30 ሳንቲም በማትሞላ ነው። የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ሥራ ቢያጣ የሚከፈለው የለም። በሌላ በኩል ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ማንንም አያስፈቅድም። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በገንዘብ ብቻ የሚለካም አይደለም።

አሁን መኪናውን ብቻ እንቀይር። ያው 1,200 ዶላር፣ ያው 1,000 ማይል፤ ነገር ግን በ55 ሺህ ዶላር የተገዛ፣ በጋሎን 22 ማይል የሚሄድ ኤስዩቪ። ቤንዚኑ 145 ይሆናል። ጥገናው 100። ከ150 ሺህ ማይል በኋላ በ13 ሺህ ቢሸጥ ርጅናው በማይል 28 ሳንቲም፣ በሳምንት 280 ዶላር። ኢንሹራንስ 70፣ ወለድ 53፣ ስልክና እጥበት 25። ድምሩ 673 ዶላር ደረሰ። የሚቀረው 527 ነው፤ በሰዓት 11.70፣ ያውም ከታክስ በፊት። ይህ መኪና ሊያዋጣ የሚችለው ኡበር ብላክን ወይም ኤክስኤልን የመሰሉ ከፍ ያለ የሚከፍሉ ጉዞዎችን በብዛት ካገኘ ነው። ተራ ጉዞ እየጫኑ ትልቅ መኪና መንዳት ለሻጩ እንጂ ለሹፌሩ አይሆንም።

ያገለገለ ሃይብሪድስ? በ12 ሺህ ተገዝቶ 120 ሺህ ማይል ሠርቶ በ3 ሺህ ቢሸጥ ርጅናው በማይል 7.5 ሳንቲም ነው፤ ወለድም ላይኖር ይችላል። ጥገናው ግን ይጨምራል፣ የሃይብሪድ ባትሪውም ያሰጋል። በዚያ ላይ ጋራዥ የተኛበት ቀን ገቢ የለውም። በወረቀት ከአዲሱ በሳምንት ሠላሳ አርባ ዶላር ይሻላል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ዕዳ የሌለበት መሆኑ ነው። ለምን ቢባል፦

ብድሩ ለምን ይጎትታል?

28 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት ቢወሰድ የወር ክፍያው 505 ዶላር ገደማ ነው። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ ለወለድ ብቻ 8,300 ዶላር ያህል ተከፍሏል።

ባንኩ የሚቆጥረው ወር ነው። መኪናው የሚቆጥረው ማይል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከተነዳ በኋላ መኪናው 100 ሺህ ማይል አልፏል፤ የብድሩ ቀሪ ግን ገና 20,300 ዶላር አካባቢ ነው። ያን ያህል ማይል ያለው መኪና በዚያ ዋጋ የሚገዛ ከተገኘ ዕድል ነው። በአምስተኛው ዓመት ሞተሩ ወይም ትራንስሚሽኑ እጅ ቢሰጥ፣ የሞተ መኪና ክፍያ እየከፈሉ ሌላ መኪና መግዛት ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሻጩ «የድሮውን ቀሪ አዲሱ ላይ እንደምርልህ» ይላል። ሹፌሩ በሁለተኛው መኪና ላይ የመጀመሪያውንም ይዞ ይነዳል ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ቤንዚንና ዘይት ያስቀራል፤ ቤት ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሰው ወጪው በጣም ይወርዳል። አፓርታማ የሚኖር ሰው ግን ቻርጅ እስኪሞላ ቆሞ የሚያጠፋውን ሰዓት መቁጠር አለበት። ዋጋው ሲወርድም ፈጣን ነው። ቴስላ በ2023 የአዲስ መኪኖቹን ዋጋ ደጋግሞ ሲቀንስ፣ ቀደም ብለው የገዙት ሰዎች መኪና አብሮ ወርዷል። ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌዴራል ታክስ ድጎማም በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ቆሟል።

ታክሱ ላይ ምን ይሆናል?

ኡበርና ሊፍት ሹፌሩን እንደ ተቀጣሪ አይቆጥሩትም። ስለዚህ ታክስ ቆርጠው አያስቀሩለትም። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ለተቀጣሪ 7.65 በመቶ ሲሆን፣ ያንኑ ያህል አሠሪው ይከፍላል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ይከፍላል፤ 15.3 በመቶ። ክፍያውም በዓመት አራት ጊዜ ይጠበቃል፤ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ። ይህን ሳያውቅ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ ታክስ ሠሪ ፊት የሚደነግጥ ሰው ሞልቷል።

ሌላው የሚያስደነግጠው ከኩባንያው የሚመጣው 1099-ኬ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ባንክ ከገባው ይበልጣል፤ ተሳፋሪው የከፈለውን በሙሉ፣ የኩባንያውን ድርሻ ጨምሮ ነው የሚያሳየው። የኩባንያው ድርሻ እንደ ወጪ ይቀነሳል። ካልቀነሳችሁ ላላገኛችሁት ገንዘብ ታክስ ትከፍላላችሁ።

ማይሉ ደግሞ ትልቁ ቅናሽ ነው። በምሳሌያችን 1,000 ማይል በ70 ሳንቲም 700 ዶላር ይቀነሳል። ከ1,200 ታክስ የሚታሰብበት 500 ብቻ ይሆናል፤ ከላይ 70 ዶላር ያልኩት ከዚህ የመጣ ነው (15.3 በመቶው የሚታሰበው በ500ው 92.35 በመቶ ላይ ነው)። የገቢ ታክሱ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ለብቻው ይታያል። አፑ በርቶ የተነዳ ባዶ ማይልም ይቆጠራል። መመዝገብ ግን ያስፈልጋል፤ ቀን፣ ማይል፣ ለምን። ዓመቱ መጨረሻ ላይ በግምት የተጻፈ ማስታወሻ ኦዲት ሲመጣ አያድንም። በ70 ሳንቲሙ የሚሄድ ሰው ቤንዚንና ጥገና ደግሞ ለብቻ መቀነስ አይችልም። የመንገድ ክፍያ፣ ፓርኪንግና የመኪናው ወለድ የሥራ ድርሻ ግን በላዩ ላይ ይቀነሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የሃይብሪዱ እውነተኛ ወጪ 371 ነበር፤ መንግሥት የቀነሰለት 700 ነው። በርካሽ መኪና ለሚሠራ ሹፌር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ምናልባትም ሥራው ለብዙዎች የሚያዋጣበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ጣጣው በኋላ ይመጣል። ቤት ለመግዛት ባንክ ሲኬድ የሚታየው የታክስ ወረቀት ነው፤ እሱ ላይ ገቢያችሁ 500 ነው የሚለው። ማይሉ ውስጥ ያለውን የርጅና ድርሻ መልሶ የሚደምር ባንክ አለ፣ ጠይቁ። የጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲም የሚሰላው በዚሁ ትንሽ ቁጥር ነው። መኪናው ሲሸጥ ደግሞ እስካሁን የተቀነሰው ርጅና ከመግዣ ዋጋው ላይ ተነስቶ፣ ትርፍ ከተገኘ ታክስ ሊኖረው ይችላል።

ኢንሹራንሱ ይሸፍነኛል?

አፑ ሲጠፋ የሚሠራው የግል ኢንሹራንሳችሁ ነው። ጥሪ ተቀብላችሁ ስትሄዱና ተሳፋሪ ስትይዙ የኩባንያው ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። አደገኛው መሃሉ ነው፤ አፑ በርቶ ጥሪ የምትጠብቁበት ሰዓት። በብዙ ስቴቶች ያኔ የኩባንያው ሽፋን ለሌላው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም በጣም ያነሰ። የእናንተ መኪና ቢጎዳ የግል ኢንሹራንሱ «ለንግድ ስትሠራበት ነበር» ብሎ ሊያሰናብታችሁ ይችላል። ለዚህ ነው የራይድሼር (በአፕ ተሳፋሪ የመጫን ሥራ) ተጨማሪ ሽፋን የሚገዛው።

ተሳፋሪ ይዛችሁም ቢሆን የራሳችሁ መኪና ጥገና የሚሸፈነው የግል ኢንሹራንሳችሁ የግጭት ሽፋን ካለው ነው። መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ደግሞ 2,500 ዶላር ነው። አንድ ግጭት የሦስት ሳምንት ትርፍ ወሰደ ማለት ነው፤ ጋራዥ የቆመበትን ቀን ሳንቆጥር።

ዝቅተኛ ክፍያ የሚያስገድድ ሕግ የለም?

አንዳንድ ቦታ አለ። የቀደመው ኒው ዮርክ ከተማ ነው። የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽኑ በ2018 መጨረሻ ባወጣው ደንብ ሹፌሩ ወጪው ተቀንሶ በሰዓት 17.22 ዶላር እንዲያገኝ ወሰነ። ያንን ለማግኘት ከወጪ በፊት 26.51 ያስፈልግ ነበር። መካከሉ ያለው ዘጠኝ ዶላር መኪናው ነው። ደንቡ ባዶ የሚጠፋውንም ጊዜ አስቦ ስለተሠራ፣ ሹፌሮች ባዶ ሲዞሩ የየጉዞው ክፍያ እንዲያካክስ ያደርጋል።

ካሊፎርኒያ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያለፈው ፕሮፖዚሽን 22 የዝቅተኛውን ደሞዝ 120 በመቶ ያረጋግጣል። በዚያ ላይ ለማይል 30 ሳንቲም፣ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ። ግን የሚቆጠረው ጥሪ ከተቀበሉበት እስከ ማድረሻው ብቻ ነው። ጥበቃው አይቆጠርም፣ ጥሪ ሳይኖር የሚነዳው ባዶ ማይልም እንዲሁ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ከኒው ዮርክ የሚበልጥ የሚመስል ቁጥር ኪስ ሲገባ ያንሳል። ሚኒሶታ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ደንግጋለች፤ ለዚያ ሕግ ከታገሉት ሹፌሮች ብዙዎቹ ሶማሌዎች ነበሩ። ማሳቹሴትስ በ2024 ስምምነት 32.50 ዶላር በሰዓት አስቀምጣለች፤ እሱም እንደ ካሊፎርኒያ ጥበቃውን አይጨምርም።

የራሴን ቁጥር እንዴት ልወቅ?

የማይል ቆጣሪውን ዛሬ ፎቶ አንሱ። የእናንተን መኪና የመሰለ፣ ዓመተ ምርቱና ማይሉ ተመሳሳይ የሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ በስንት እንደሚሸጥ እዩና ጻፉት። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱንም ድገሙት። በመሃሉ ለቤንዚን፣ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለኢንሹራንስና ለወለድ ያወጣችሁትን ደምሩ፤ ዋጋው የወረደበትንም ጨምሩበት። ለተነዳው ማይል አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የእናንተ የማይል ወጪ ነው።

40 ሳንቲም ወጣ እንበል። ስልኩ የ7 ዶላር ጉዞ አመጣ፤ ተሳፋሪው ጋ ለመድረስ 6 ማይል፣ ጉዞው 5 ማይል። አሥራ አንድ ማይል በ40 ሳንቲም 4.40 ነው። ለግማሽ ሰዓት ሥራ 2.60 ይቀራል። ቀጣዩ ጥሪ እስኪመጣ መቆም ግን ማይል አይበላም።